ምዕራፍ ስድስት፦ ሶፍትዌርን ከምንጩ መሥራት

በካሜራ የተነሣ ወይም በስካነር የተቀዳ የአማርኛ ገጽ አንብቦ፣ ሊታረምና ሊፈለግ ወደሚችል ጽሑፍ የሚለውጥ ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ ቴሰራክት ይባላል። ሥራው የተጀመረው በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ውስጥ ባለው የሂውሌት ፓካርድ ላቦራቶሪ ነው (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1995 ላስ ቬጋስ በሚገኘው የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ በተካሄደ የንጽጽር ፈተና ከቀዳሚዎቹ ተርታ ተሰለፈ፤ ሆኖም ኩባንያው ገበያ ላይ ሳያወጣው አሥር ዓመት ያህል አቧራ ለብሶ ተቀመጠ። በ2005 ኮዱ ለማንም ክፍት ሆኖ ተለቀቀ፤ ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ጉግል ደገፈው። ዛሬ ከመቶ በላይ ቋንቋዎች ያነባል። አማርኛና ትግርኛ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

ለዚህ ምዕራፍ ይህን ሶፍትዌር ምሳሌ ያደረግሁት የአማርኛ አንባቢ ስለሚጠቅመው ብቻ አይደለም። የቴሰራክት አምስተኛ ዕትም የወጣው በ2021 ኖቬምበር መጨረሻ ነው። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት 22.04 ዕትሙን ያወጣው ከዚያ አምስት ወር ያህል ዘግይቶ፣ በ2022 ኤፕሪል ነበር። ሆኖም በውስጡ የነበረው ቴሰራክት ገና አራተኛው ነበር። ሊኑክስን አሰናድተው የሚያሰራጩ ሰዎች አዲስ የወጣውን ሁሉ ወዲያው አያስገቡም፤ ተፈትኖ የቆየውን ይመርጣሉ፤ ትክክልም ናቸው። ስለዚህ ያንን ኡቡንቱ ይዞ አምስተኛውን ቴሰራክት የፈለገ ሰው፣ አንድም ሌላ ሰው ሠርቶ ያሸገውን ፓኬጅ ፈልጎ ማመን፣ አንድም ኮዱን አውርዶ ራሱ መሥራት ነበረበት። እዚህ የምንከተለው ሁለተኛውን መንገድ ነው።

ፕሮሰሰሩ የማያነበው ጽሑፍ

ሶፍትዌር የሚጻፈው ሰው አንብቦ በሚረዳው ቋንቋ ነው። ቴሰራክት የተጻፈው ሲ ፕላስ ፕላስ በተባለው ነው፤ ፋይሎቹ ተራ ጽሑፍ ስለሆኑ በማንኛውም የጽሑፍ መክፈቻ ይከፈታሉ። ፕሮሰሰሩ ግን ከዚያ አንዲት ቃል አይገባውም። እሱ የሚያውቀው በቁጥር የተገለጹ ጥቃቅን ትእዛዞችን ብቻ ነው፦ ይህን ቁጥር ከዚያኛው ጋር ደምር፣ ውጤቱን እዚህ አስቀምጥ፣ ዜሮ ከሆነ ወደዚያ ዝለል። እነዚህም ቢሆኑ ከፕሮሰሰር ፕሮሰሰር ይለያያሉ። በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ ያሉት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች የሚግባቡበት ሌላ፣ በእጅ ስልካችን ውስጥ ያለው የአርም ፕሮሰሰር የሚግባባበት ሌላ ነው።

ሰው የጻፈውን ወስዶ ለማሽኑ እንዲገባው አድርጎ የሚተረጉመው ሶፍትዌር ኮምፓይለር ይባላል። የሒሳብ ሊቅና የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረችው ግሬስ ሆፐር፣ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነውን ኤ-ዜሮ በ1952 ስትሠራ፣ ኮምፒውተር ስሌት ያሰላል እንጂ ፕሮግራም አይጽፍም ብለው የተከራከሯት ነበሩ። የተሠራ ነገር ይዛ ቆማ እንኳ የሚጠቀምበት ሰው ለማግኘት ተቸገረች።

ይህ ትርጉም የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ጤፍ ወፍጮ ቤት ገብቶ ዱቄት ከሆነ በኋላ ተመልሶ ጤፍ እንደማይሆን ሁሉ፣ ኮምፓይል የተደረገ ሶፍትዌርም ወደ ተጻፈበት መልክ እንደነበረ አይመለስም። ደራሲው የጻፈው ማብራሪያ፣ ለነገሮች ያወጣው ስም፣ ሐሳቡን የከፋፈለበት መንገድ ሁሉ እዚያው ይቀራል። ዱቄት ገዝቶ መጋገር ይቻላል፤ አብዛኞቻችን ሶፍትዌር የምንጠቀመው እንዲህ ነው። ምን ተቀላቅሎበት ይሆን ብሎ የሚሰጋ ሰው ግን እህሉን ገዝቶ፣ አበጥሮ፣ ራሱ ወፍጮ ቤት ይዞት ይሄዳል።

የአንድ ጠዋት ብስጭት

አንድ ፋይል ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ ትእዛዝ ያልቅ ነበር። እውነተኛ ሶፍትዌር ግን በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎች አሉት፤ አንዱ በሌላው ይደገፋል፤ አንዱ ሲነካ ሌላው እንደገና መሠራት አለበት። ይህን ሁሉ በሰው ጭንቅላት መያዝ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ የታየው በ1976 ነው፤ ዩኒክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና በተወለደበት ተቋም፣ በኒው ጀርሲው ቤል ላብስ። ስቲቭ ጆንሰን የተባለ ፕሮግራመር እየተብከነከነ ወደ ባልደረባው ወደ ስቱዋርት ፌልድማን ቢሮ ገባ። ጠዋቱን ሙሉ አንድ ስህተት ሲያሳድድ አርፍዷል፤ ለካስ ስህተቱን ቀድሞ አርሞታል። ያረመውን ፋይል እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ስለረሳ ማሽኑ የሚያስኬደው አሮጌውን ነበር። ፌልድማንም የዚያኑ ዓይነት መከራ በዋዜማው ምሽት ቀምሶ ነበርና ችግሩን ለመግለጽ ብዙ ቃል አላስፈለጋቸውም። በዚያው ቅዳሜና እሑድ «ሜክ» የተባለውን መሣሪያ ጻፈው።

የሜክ ሐሳብ እጅግ ቀላል ነው። ሜክፋይል በሚባል ጽሑፍ ውስጥ የትኛው ፋይል ከየትኛው እንደሚሠራና በየትኛው ትእዛዝ እንደሚሠራ ይዘረዘራል። ሜክ ይህን ያነብና የፋይሎቹን ሰዓት ያነጻጽራል። ምንጩ ከውጤቱ በኋላ የተነካ ከሆነ ውጤቱን እንደገና ይሠራል፤ ካልሆነ አልፎት ይሄዳል። ይኸው ነው። ከግማሽ ምእተ ዓመት ገደማ በኋላም የዓለም ሶፍትዌር ትልቁ ክፍል በዚህ ወይም የዚህ የልጅ ልጅ በሆነ መሣሪያ ይሠራል።

አንድ ጠባሳ ግን አለበት። በሜክፋይል ውስጥ ትእዛዝ የያዘ መስመር በታብ መጀመር አለበት፤ ለዓይን ምንም የማይለይ ባዶ ቦታ ቢቀመጥበት አይሠራም። ፌልድማን ይህ አካሄድ እንደማያዋጣ ሲረዳ መሣሪያውን የሚጠቀሙት ደርዘን ያህል ሰዎች ነበሩ፤ ደንበኞቼን አላስቸግር ብሎ ተወው። ደርዘኑ ሰዎች ዳኑ፤ ከእነሱ በኋላ የመጣው የፕሮግራመር ትውልድ ሁሉ ግን ዕዳውን እስከ ዛሬ ይከፍላል። ፌልድማን በ2003 ለሜክ ትልቁን የኤሲኤም የሶፍትዌር ሥርዓት ሽልማት አግኝቷል፤ የይቅርታ ያህል ታቡን መልሰው ቢጠይቁት ደስ ይለኝ ነበር።

ሰዓት ማነጻጸሩ መብራት በሚቆራረጥበት አገር ለሚሠራ ሰው ትልቅ ጥቅም አለው። ሥራው መሐል ላይ ቢቋረጥ ያንኑ ትእዛዝ እንደገና መስጠት ይበቃል፤ ሜክ ያለቀውን ትቶ ከቀረው ይቀጥላል። መብራቱ ሲሄድ በመጻፍ ላይ የነበረ አንድ ፋይል ግን በግማሹ ተቆርጦ፣ ሰዓቱ ግን አዲስ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ሜክም ያለቀ ይመስለዋል። መጨረሻ ላይ ፋይሉ የተበላሸ ነው የሚል ኤረር ከመጣ እሱን ብቻ ደምስሶ መቀጠል ነው። ሌላው ተንኮለኛ ጉዳይ የአሮጌ ኮምፒውተሮች ሰዓት ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ከሞተች ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ ሁሉም ነገር ከወደፊት የመጣ ይመስላል፤ ሜክም የሰዓት መዛባት አይቻለሁ፣ ሥራው ሙሉ ላይሆን ይችላል ብሎ ያስጠነቅቃል። ኮዱን ከመጠርጠር በፊት ሰዓቱን ማስተካከል ነው።

ጠያቂው

ሜክ የተወለደው ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ማሽን በሚጠቀምበት ቤት ነበር። በ1980ዎቹ ዩኒክስ በየኩባንያው ተበታተነ፤ የሰን ሌላ፣ የአይቢኤም ሌላ፣ የሂውሌት ፓካርድ ሌላ ሆነ። በአንዱ ላይ ያለ ተግባር በሌላው ላይ የለም፤ ወይም በሌላ ስም አለ፤ ወይም በዚያው ስም ሌላ ነገር ይሠራል። ኮዱን በነጻ የሚያድል ሰው ለሁሉም የሚሆን ሜክፋይል ማዘጋጀት አቃተው።

መፍትሔው አስቀድሞ የሚጠይቅ ጽሑፍ ነበር፤ ስሙ «ኮንፊገር» ይባላል። በ1991 ዴቪድ መከንዚ የተባለ ፕሮግራመር እነዚህን ጠያቂ ጽሑፎች በእጅ ከመጻፍ የሚገላግለውን አውቶኮንፍን ሠራ። ኮንፊገር ሲሠራ ማየት የሚያስደስት ነገር አለው። ማሽኑን «ይህ ተግባር አለህ ወይ?» ብሎ ከዝርዝር አያነብም፤ ያንን ተግባር የምትጠራ ጥቂት መስመር ያላት ፕሮግራም እዚያው ይጽፋል፣ ኮምፓይል ለማድረግ ይሞክራል፣ ከተሳካ «አለ»፣ ካልተሳካ «የለም» ይላል፤ ፕሮግራሟንም ደምስሶ ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። ተርሚናሉ ላይ እየተግተለተለ የሚያልፈው ረጅም ዝርዝር ይህ ነው። በስም አያምንም፤ በተግባር ይፈትናል። በመጨረሻም ለዚያ ማሽን ብቻ የተሰፋ ሜክፋይል ጽፎ ይሰጣል።

ወጣት ፕሮግራመሮች በዚህ አሠራር ይስቃሉ፤ ከሃያ ዓመት በፊት የጠፉ ማሽኖችን አሁንም ይጠይቃል ይላሉ፤ እውነት አላቸው። ሲሜክ፣ ሜሶን፣ ኒንጃ የተባሉ ፈጣን ተተኪዎች መጥተዋል፤ ቴሰራክትም በሲሜክ መሠራት ይችላል። እኔ እዚህ የድሮውን መንገድ የያዝኩት ደረጃዎቹ ተለያይተው ስለሚታዩበት ነው።

ወደ ሥራው

ትእዛዞቹን እዚህ በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ፤ ኪቦርድ ላይ የሚተየቡት ግን በላቲን ፊደል ነው።

በመጀመሪያ መሣሪያዎቹ መኖር አለባቸው። ኡቡንቱ ላይ «ቢልድ ኢሴንሻል» የተባለው ፓኬጅ ኮምፓይለሩንና ሜክን ባንድ ላይ ያመጣል። አምስተኛው ቴሰራክት የሲ ፕላስ ፕላስ የ2017ን ደረጃ የሚያውቅ ኮምፓይለር ይፈልጋል፤ ኡቡንቱ 22.04 ላይ ያለው ይበቃዋል። አውቶኮንፍ፣ አውቶሜክ፣ ሊብቱልና ፒኬጂ ኮንፊግ የሚባሉትም ያስፈልጋሉ፤ ምክንያቱም የቴሰራክት ኮድ ሲወርድ ኮንፊገር አብሮት አይመጣም። «አውቶጀን» የተባለችውን ትንሽ ጽሑፍ ስታስኬዱ ነው ኮንፊገር እዚያው የሚፈጠረው።

አሁን ኮንፊገርን አስኪዱት። ጀማሪ የሚወድቅበት ቦታ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ቴሰራክት ምስል የሚከፍተውና የሚያጠራው በራሱ ሳይሆን ሌፕቶኒካ በተባለ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች በሚጋሩት ኮድ ነው። ኮንፊገር ሮጦ ሮጦ ሊያልቅ ሲል፣ ሌፕቶኒካ 1.74 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል ብሎ ቀጥ ይላል። እናንተም ፓኬጆቹን ስታዩ ሌፕቶኒካ ተጭኗል። ታዲያ ምን ሆነ?

የሆነው እንዲህ ነው። ኡቡንቱና ዴቢያን የተባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት እያንዳንዱን ላይብረሪ ለሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ክፍል ያለቀለት ሶፍትዌር ሲሄድ የሚጠቀምበት ነው፤ አብዛኛው ሰው ከዚህ ሌላ ስለማያስፈልገው የሚጫነው ይህ ብቻ ነው። ሁለተኛው ክፍል ሄደር የሚባሉትን ፋይሎች ይይዛል፤ ላይብረሪው ውስጥ ምን ምን ተግባር እንዳለና እንዴት እንደሚጠራ ለኮምፓይለሩ የሚነግሩት እነሱ ናቸው። የሁለተኛው ፓኬጅ ስም መጨረሻው ላይ «ዴቭ» የሚል አለበት። ኮንፊገር «የለም» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ይህ ነው። ይህን አንድ ነገር ያወቀ ሰው ከምንጭ በሚሠራበት ጊዜ ከሚገጥሙት እንቅፋቶች ግማሹን አለፈ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከሚጮኽ ስህተት ይልቅ የሚያስፈራው ዝም የሚለው ነው። ሌፕቶኒካንም ራሳችሁ ከምንጩ ለመሥራት ብትወስኑና የፒኤንጂ ላይብረሪ ዴቭ ፓኬጅ ባይኖር፣ ኮንፊገር «የለም» ብሎ ጽፎ ያልፋል፤ አይቆምም። ሁሉም ነገር በሰላም ያልቃል። ከዚያ የፒኤንጂ ምስል ስትሰጡት ማንበብ አልችልም ይላል። ስለዚህ ኮንፊገር ያለፈበትን ሁሉ፣ ቢያንስ መጨረሻ ላይ ያለውን ማጠቃለያ፣ በዓይናችሁ ሩጡበት። ዝርዝሩ ሁሉ «ኮንፊግ ሎግ» በተባለ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል።

ቀጥሎ ሜክ። ማሽናችሁ አራት ኮር ካለው በአንዴ አራት ፋይል እንዲሠራ መንገር ይቻላል፤ ከሜክ ቀጥሎ ሰረዝ፣ «ጄ» የምትባለውን የላቲን ፊደልና 4 ቁጥርን መጻፍ ነው። ራሙ ትንሽ የሆነ ኮምፒውተር ላይ ግን አትስገብገቡ፤ ማስታወሻው ሲያልቅ ሲስተሙ ኮምፓይለሩን ይገድለዋል፤ ኤረሩም ከኮዱ የመጣ ይመስላል። እያንዳንዱ የምንጭ ፋይል መጀመሪያ ኦብጀክት ወደሚባል ፋይል ይለወጣል፤ መጨረሻ ላይ ሊንከር እነዚህን ሁሉ አያይዞ አንድ ሙሉ ፕሮግራም ያወጣል። ኤረር ከመጣ ከታች ወደ ላይ ውጡና የመጀመሪያውን ፈልጉ። የታችኞቹ አብዛኛውን ጊዜ የእሱ ልጆች ናቸው፤ እሱ ሲፈታ አብረው ይጠፋሉ።

«ሜክ ኢንስቶል» የተሠራውን ወደ ቦታው ይገለብጣል። እስካሁን የሠራችሁት ሁሉ በራሳችሁ ፎልደር ውስጥ ስለሆነ ከፊቱ ሙሉ ሥልጣን የሚሰጠው «ሱዱ» አያስፈልግም ነበር፤ አሁን ግን የሲስተሙን ፎልደር ስለሚነካ ያስፈልጋል። ኮንፊገርንና ሜክን በሱዱ የሚያስኬድ ሰው ካያችሁ ከልክሉት፤ ያላነበበውን ኮድ ሙሉ ሥልጣን ሰጥቶ እያስኬደ ነው። ፋይሎቹ የሚቀመጡት «ዩኤስአር ሎካል» በተባለው ፎልደር ሥር ነው። ይህ ቦታ ባለቤቱ ራሱ ለሠራው ነገር የተተወ ነው፤ የኡቡንቱ ፓኬጆች ስለማይነኩት አራተኛውና አምስተኛው ቴሰራክት ሳይጣሉ አንድ ማሽን ላይ ይኖራሉ።

ሁለት ነገር ይቀራል። ቴሰራክትን ብትጠሩት የራሱን ላይብረሪ ማግኘት አልቻልኩም ሊል ይችላል፤ ፋይሉ ቦታው ላይ አለ፣ የሲስተሙ ማውጫ ግን ገና አልታደሰም። «ኤልዲኮንፊግ»ን በሱዱ አንድ ጊዜ ማስኬድ ይበቃል። ሌላው የአማርኛው መረጃ ነው። ቴሰራክት ፊደላችንን ያጠናበት ፋይል ከፕሮግራሙ ተለይቶ የሚወርድ ነው። በኡቡንቱ ፓኬጅ አስቀድማችሁ ጭናችሁት ቢሆንም አዲሱ ፕሮግራም አያየውም፤ እሱ የሚፈልገው «ዩኤስአር ሎካል» ሥር ባለው «ቴስዳታ» ፎልደር ውስጥ ነው። ፋይሉን እዚያ ስታስቀምጡ ያነባል። ንጹሕ ኅትመት ላይ ውጤቱ ደስ ያሰኛል፤ የደበዘዘ የድሮ ኅትመት ላይ ግን አራሚ ሰው ከጎኑ መኖር አለበት።

የኮምፓይለር ዋጋ

ኮድ መታየቱ ብቻውን ምን ይጠቅማል? ሪቻርድ ስቶልማን በ1980 ገደማ በኤምአይቲ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ላቦራቶሪ ሲሠራ፣ ወረቀት ሲቀረቀርበት ለሰዎቹ የሚናገር እንዲሆን ያሻሻለው ፕሪንተር ነበራቸው። ዜሮክስ አዲስ ሲሰጣቸው ኮዱን አልሰጠም። ኮዱ ያለውን አንድ ተመራማሪ ሄዶ ቢለምነው፣ ለማንም አልሰጥም ብዬ ፈርሜአለሁ አለው። ስቶልማን በ1983 ጂኤንዩ የተባለውን የነጻ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ሲያውጅ ይህ ቂም አብሮት ነበር። በ1987 ያወጣው ነጻ ኮምፓይለር፣ ጂሲሲ፣ በእኔ እይታ ከንግግሮቹ ሁሉ የበለጠ ሥራ ሠርቷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሰን ማይክሮሲስተምስ ኮምፓይለሩን ሶላሪስ ከተባለው ዩኒክሱ ነጥሎ ለብቻው መሸጥ ሲጀምር፣ የምንጭ ኮድ ይዞ መሥሪያ የሌለው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ጂሲሲ አዞረ።

ጂፒኤል በተባለው የጂኤንዩ ፈቃድ የ1991ዱ ሁለተኛ ዕትም ላይም ይኸው ብልሃት ይታያል። ሶፍትዌሩን የሚያሰራጭ ሰው ኮዱን ብቻ ሳይሆን፣ ሶፍትዌሩን ኮምፓይል ለማድረግና ለመጫን የሚያገለግሉትን ጽሑፎች ጭምር መስጠት አለበት ይላል። ሜክፋይሉን ደብቆ ኮዱን ሰጥቻለሁ ማለት አይቻልም። ቴሰራክት የሚተዳደረው አፓቺ በተባለ ለዘብ ያለ ፈቃድ ነው፤ ያ ፈቃድ እንዲህ ያለ ግዴታ አይጥልም።

ማን ይታመናል?

ራሴ ሠራሁት ማለት ምን እንዳለበት አውቃለሁ ማለት ነውን? ዩኒክስን ከፈጠሩት አንዱ ኬን ቶምሰን የቱሪንግን ሽልማት ሲቀበል ያደረገው ንግግር በ1984 ታትሟል፤ መልሱም አይደለም የሚል ነው። ኮምፓይለሩ ራሱ ተንኮል ቢማርስ? የመግቢያ ፕሮግራሙን ሲያይ ስውር በር ይጨምርበታል፤ ራሱን ኮምፓይለሩን ሲሠራ ደግሞ ያንኑ ተንኮል ለልጁ ያወርሳል። ከዚያ በኋላ ኮዱን ከዳር እስከ ዳር ብታነቡ ንጹሕ ነው።

በ2024 የሆነው ከዚህ ይበልጥ ቀላል ነበር። ኤክስዚ ፋይል የሚያሳንስ፣ በሊኑክስ ማሽኖች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። በነጻ ጊዜው የሚንከባከበው አንድ የደከመ ሰው ነበር። ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ አጋዥ መጣና ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና ሠራ፤ በዚህ መሐልም አዲስ ዕትም የማውጣት ሥልጣን አገኘ። ከዚያ በፌብሩዋሪና በማርች 5.6.0 እና 5.6.1 የተባሉትን ዕትሞች አወጣ። ተንኮሉ ለሙከራ የተቀመጡ በሚመስሉ ፋይሎች ውስጥ ተደብቋል፤ እሱን የሚቀሰቅሰው መስመር ግን ሁሉም ሰው በሚያየው የኮድ ማከማቻ ውስጥ አልነበረም። የነበረው ለማውረድ በታሸገው ጥቅል ውስጥ፣ ኮንፊገር በሚሠራበት ጽሑፍ ላይ ነው። ማን ያነበዋል? ለዴቢያን ወይም አርፒኤም ለተባለው የፓኬጅ ዓይነት ሲሠራ ብቻ እንዲነቃ ተደርጎ ስለተዘጋጀ በእጁ ኮምፓይል ያደረገ ሰው ጋ አልደረሰም፤ የታለመው ፓኬጁ የሚደርስበት ሕዝብ ነበር።

የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ ነው፤ ማይክሮሶፍት ውስጥ የሚሠራ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ አበልጻጊ። ከርቀት ወደ ኮምፒውተር የሚገባበት ኤስኤስኤች ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት፤ ለምን ብሎ ቆፈረ፤ ማርች 29 ለዓለም አሳወቀ። የተመረዙት ዕትሞች ብዙኃኑ ወደሚጠቀምባቸው የተረጋጉ ስርጭቶች ከመድረሳቸው በፊት ተያዙ። ጂያ ታን ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ በይፋ አልታወቀም።

የዲጂታል ፊርማ መመርመር ጥሩ ልማድ ነው፤ ነገር ግን የኤክስዚን ጥቅል የፈረመው ራሱ አጥቂው ስለነበር እዚህ ምንም አላዳነም። ተስፋ የሚሰጠው ዴቢያን ከ2013 ጀምሮ የሚደክምበት ሥራ ነው፦ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድን ኮድ በየማሽናቸው ቢሠሩ ውጤቱ እስከ መጨረሻዋ ቢት አንድ ዓይነት እንዲሆን ማድረግ። ያኔ ፓኬጁ ውስጥ ያለው በእርግጥ ከተባለው ኮድ የወጣ መሆኑን ማንም ሰው በራሱ መርምሮ ማረጋገጥ ይችላል።

መቼ ይቅር?

አብዛኛውን ጊዜ ይቅር። በፓኬጅ የመጣው ሶፍትዌር ጉድለት ሲገኝበት በማሻሻያ ይታደሳል፤ ራሳችሁ የሠራችሁትን ግን ከእናንተ በቀር የሚያድስላችሁ የለም። ብሮውዘር የሚያህል ሶፍትዌር በተራ ላፕቶፕ ላይ ለመሥራት ሰዓታት ይፈጃል። ጄንቱ በተባለው ሊኑክስ ሁሉንም ነገር ከምንጩ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ብዙ ይማራሉ፤ ፍጥነት እናገኛለን የሚሉት ግን በአመዛኙ ለጠፋው ጊዜ ማካካሻ አይሆንም። ከምንጩ መሥራት የሚገባው ፓኬጁ ሲያረጅ፣ የምትፈልጉት አማራጭ ተዘግቶ ሲመጣ፣ ወይም ኮዱን ለማሻሻል ስታስቡ ነው። ቴሰራክት ላይ ለአማርኛ የተሻለ ሥራ መሥራት የሚፈልግ ሰው ሦስተኛው ውስጥ ይገባል። «ሜክ ትሬኒንግ» የሚለው ተጨማሪ ትእዛዝ ለእሱ የተቀመጠ ነው፤ አይሲዩ፣ ፓንጎና ካይሮ የተባሉትን ላይብረሪዎች፣ ከነዴቭ ፓኬጃቸው፣ ይፈልጋል።

ስትጨርሱ የሠራችሁበትን ፎልደር ቦታ ያዘብኝ ብላችሁ አትደምስሱት። የፓኬጅ ማኔጀሩ ይህን ሶፍትዌር አያውቀውም፤ ሊያነሣላችሁም አይችልም። «ሜክ አንኢንስቶል» የትኞቹን ፋይሎች ማንሣት እንዳለበት የሚያውቀው እዚያ ፎልደር ውስጥ ካለው ሜክፋይል ነው። አስቀድማችሁ የምታስቡ ከሆነ ግን ኮንፊገርን ስታስኬዱ «ፕሪፊክስ» በሚለው አማራጭ ለብቻው የተከፈተ አንድ ፎልደር ስጡት፤ ያኔ ሶፍትዌሩን ማስወገድ ሲያምራችሁ ያንን ፎልደር መሰረዝ ይበቃል።